ሁለተኛው ፍሬን

ሰፈሩ በሙሉ «ሁለተኛው ፍሬን» እያለ ነው የሚጠራው። ሰውዬው መኪና መንዳት ያስተምራል። በማስተማሪያ መኪናው ውስጥ ከተማሪው ፍሬን ሌላ በአስተማሪው እግር ሥር አንድ ተጨማሪ ፍሬን አለ፤ ተማሪው ሲደናገጥ አስተማሪው ይረግጠዋል። ይህ ፍሬን ሌሎች አስተማሪዎችም አላቸው፤ የእሱ እግር ግን ልዩ ነው ይባላል። ተማሪው መሳሳቱን ገና ሳያውቅ መኪናው ቆሞ ይገኛል። ዓመታት ሲያልፉ እግሩ ሥራና ቤት መለየት ተወ። ሳሎን ተቀምጦ ብርጭቆ ከጠረጴዛ ጠርዝ ሲንሸራተት ካየ ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል። ሚስቱም ከት ብላ ስቃ «ደግሞ አሁን ማንን አዳንክ?» ትለዋለች።

ሚስቱም ተማሪው ነበረች። የነገሩ ሁሉ ሥር ይሄ ነው። ያኔ ገና «ጋሼ» እያለች ትጠራው በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ቀን በዝናብ የመኪናው ኋላ ሸሸባት። መሪውን ለቅቃ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እሱ በእግሩ ፍሬኑን፣ በግራ እጁ መሪውን ይዞ መኪናውን ቀጥ አደረገው። እሷ ፊቷን ቀስ ብላ ገለጠችና «ያዝከኝ!» አለች። በቃ፣ አለቀለት። ሌላው ወንድ በዓይን ይጠመዳል፣ በወገብ ይጠመዳል፤ እሱ በዚያች ቃል ተጠመደ። ከተጋቡ በኋላ «ጋሼ» የምትለው ልታሾፍበት ስትፈልግ ብቻ ሆነ።

እሷ የውሃ ጥራት መርማሪ ናት። ተራራው ላይ ካሉት የውሃ ማጠራቀሚያዎች በመስታወት ጠርሙስ እየቀዳች ወደ ላቦራቶሪ ታመጣለች። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ አንዱ ጎኑ ግድግዳ፣ ሌላው ጎኑ ገደል። ዝናብ በሚጥልበት ቀን ብቻዋን ወጥታ አታውቅም። እሱ ተማሪዎቹን ወደ ሌላ ቀን ያዛውርና በማስተማሪያው መኪና አብሯት ይወጣል። እሷ ትነዳለች፤ እሱ እግሩን ሁለተኛው ፍሬን ላይ አሳርፎ አጠገቧ ይቀመጣል። ጎረቤቱ «ምነው፣ ይህች ሴት እስካሁን መንጃ ፈቃድ አላገኘችም እንዴ?» እያለ ይቀልዳል። ይቀልድ። ለእሱ ከዚያ ወንበር የተሻለ ቦታ በዓለም ላይ አልነበረም።

መሥሪያ ቤቷ አዲስ መኪና ሲሰጣት እንግዲህ እሱን ያማከረው የለም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነገሩ ደኅና ነበር። መኪናው ነጭ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ገና ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል፤ ይሁን። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ ሚስቱ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ዘው ብላ ገባች። ፊቷ ወገግ ብሏል።

«ምን እንደገጠመኝ ብነግርህ አታምንም» አለች። «ያ ቆልማማው መታጠፊያ የለም? ጎርፍ ጠጠር አውርዶበት ኖሯል። ሳላየው ገባሁበት። ኋላው ሄደ!»

እግሩ ወለሉን ረገጠ።

«ቆይ፣ አትርገጥ፣ ይኸው ደርሻለሁኮ!» ብላ ሳቀች። «ኋላው ሲሸሽ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት፣ ከሥር ኩርርር የሚል ድምፅ መጣ። ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት ብልጭ ብልጭ አለች። መኪናው ራሱን ሰብሰብ አድርጎ ቀጥ አለ። ጠርሙሶቹ እንኳ አልተንኳኩም። ያዘኝ እኮ!»

«ማነው የያዘሽ?»

«መኪናው ነዋ!»

ተመስገን የሚባልበት ሰዓት ነበር። ሚስትህ ከገደል አፋፍ ተመልሳ፣ ቤትህ ገብታ፣ ፊትህ ቆማ ስትስቅ ሌላ ምን ይባላል? እሱም ተመስገን አለ፤ በአፉ። ሆዱ ውስጥ ግን ሳይበርድ እንደተጎነጩት ሻይ አንድ ነገር እያቃጠለው ወረደ። ያዘኝ። ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ። ቃሉ የእሱ ነበር፤ አንስታ ለቆርቆሮ ሰጠችው።

ቅናት የገባበት ሰው ትንሽ ይሆናል፤ እሱም አነሰ። የዕረፍት ቀን ጠዋት ባልዲ ይዛ መኪናውን ስታጥብ በመስኮት ተደብቆ ያያታል። በእሱ አሮጌ መኪና ስንት ዘመን ስትሄድ አንድ ቀን መስታወቱን ጠርጋለት አታውቅም። የዚህን ግን ጎማውን ሳይቀር በብሩሽ ትፈትጋለች። ስትጨርስ ኮፈኑን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ «ጎበዝ» አለችው። ጎበዝ! እሱን «ጎበዝ» ያለችው መቼ ነበር? ቆሞ አሰበ፤ አንድም ጊዜ ትዝ አላለውም። ምናልባት ብላው ይሆናል፤ ቀናተኛ ሰው ግን እንዲህ ያለውን ነገር ማስታወስ አይሆንለትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናውን ማማት ያዘ። ወንበሩ ወገብ ያማል አለ። መስኮቱ ጠባብ ነው አለ። ራት ላይ ደግሞ «ኮምፒውተር ነው፤ ውሃ የገባበት ቀን ያብዳል» አለ።

«ዝናብ ውስጥ እንደሚነዳ የሠሩት ሰዎችም ያውቃሉ» አለችው።

«ደግሞ ሰው ያሰንፋል። እጅ መሥራት ይተዋል።»

«አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችና ሳህኑን አነሳች።

ይሄ ሁሉ ግን በአንድ ጠዋት ከደረሰበት ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። ያን ቀን ከንጋት ጀምሮ ይዘንባል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እሱ በደስታ ብድግ አለ። ተላጨ፤ ለተማሪዎቹ ደውሎ ዛሬ የለም አለ፤ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ በር ላይ ቆመ። ሚስቱ የጠርሙሶቿን ሳጥን ታቅፋ ስትወጣ አየችው።

«ዛሬ ተማሪ የለህም እንዴ?»

«ዝናብ ነው እኮ።»

«እና?» አለች። ከዚያ ገባት። ሳቋ መጣ፤ ክፋት ያለበት ሳቅ አልነበረም፤ ልጅ በትልቅ ሰው ጫማ ሲንገዳገድ ሲያዩት የሚሳቀው ዓይነት ነው። «አይ አንተ! ሂድ ሥራህን ሥራ። እኔ ከእንግዲህ ስጋት የለብኝም።» ጉንጩን ሳመችውና በነጩ መኪና ወጣች።

እሱ ቁልፉን እንደያዘ በሩ ላይ ቀረ። ተላጭቶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ። ስጋት የለብኝም። በዚያች ሰዓት ያ መኪና ሰው ቢሆን ኖሮ ኮሌታውን ይዞ ግድግዳ ላይ ያጣብቀው ነበር።

የሚያጣብቀው ሰው ስላጣ ወደ ጋራዥ ሄደ። ጋራዡ ውስጥ «ሽቦ» የሚሉት የመኪና ኤሌክትሪሺያን አለ፤ የቆየ ወዳጁ ነው፤ ምላሱ ስለት ነው። ምን እንደሆነ ሳይናገር፣ ለተማሪዎቼ ላስረዳ ነው ብሎ፣ ያ መኪናን ከመንሸራተት የሚይዘው ነገር እንዴት እንደሚሠራ ጠየቀው።

«ቀላል ነው» አለ ሽቦ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «መሪው ላይ ያለው ሴንሰር ሾፌሩ ወዴት መሄድ እንደፈለገ ይናገራል። ከወንበሩ ሥር ያለው ደግሞ መኪናው በእርግጥ ወዴት እየዞረ እንደሆነ ይናገራል። ሁለቱ ከተስማሙ ዝም። ሾፌሩ ወደ ግራ ሲል መኪናው ወደ ገደል ካለ ግን፣ ለይቶ አንዱን ጎማ ብቻ ፍሬን ይይዘዋል፤ ሞተሩንም ጉልበት ይነሳዋል። መኪናው ወደ መሪው ይመለሳል። አንተ ዓይንህን ሳታርገበግብ ጨርሶታል።»

«አንዱን ጎማ ብቻ?»

«አንዱን ብቻ። የትኛው እንደሚያስፈልግ ያውቃል። ተአምር ግን አይሠራም፤ ለሚከንፍ ሰውና ለመላጣ ጎማ መድኃኒት የለውም።»

የመጨረሻውን አልሰማም። የእሱ ሁለተኛ ፍሬን አራቱንም ጎማ ባንዴ ነው የሚይዘው። በዚህ ሁሉ ዘመን አንዱን ጎማ ለብቻው መያዝ ይቻላል ብሎ አስቦ አያውቅም። የሚቀናበት ነገር የማይረባ ቢሆን ቅናቱ ይቀልለት ነበር፤ ይህ ግን ከእሱ የተሻለ ነው። ያ ነው ያንገበገበው።

ሽቦ ፊቱን አየውና ነገሩ ገባው። «ቆይ፣ የሚስትህ አዲሱ መኪና ነው አይደል? አይ ወንድሜ! ሚስትህ ውሽማ ይዛለች በለኝ። ያውም ነዳጁን መሥሪያ ቤት የሚችልለት ውሽማ!» ብሎ ጋራዡን በሳቅ አናጋው።

እሱ አልሳቀም። «ማጥፊያ አለው?» አለ።

የሽቦ ሳቅ ቀነሰ። «አለው። ጭቃ ውስጥ ስትያዝ ጎማው እንዲሽከረከርልህ ታጠፋዋለህ። ማርሹ አጠገብ ነው፤ ተጭነህ ትንሽ ስትቆይ ይጠፋል፤ ቢጫዋ መብራት በርታ ትቀራለች። ሞተር አጥፍተህ ስታስነሳ ግን ራሱ ይመለሳል። ሰው እንደሚረሳ ያውቃሉ። ምነው ጠየቅከኝ?»

«እንዲሁ።»

«እንዲሁ?»

«እንዲሁ ነው አልኩህ እኮ!» ብሎት ወጣ።

ሚስቱ ኩርፊያውን ሳታይ አልቀረችም። ሌላ ዝናባማ ቀን ሲመጣ ራሷ ጠራችው። «ና እስኪ አብረን እንውጣ። አንድ ቀን ሳትገባበት ነው የጠላኸው» አለች። እንደ እንግዳ ተጋብዞ ገባ። ወንበሩ ምቹ ነው፤ ይህም አናደደው። እግሩን ሲዘረጋ ከሥሩ ምንም የለም፤ ግራጫ ምንጣፍ ብቻ። ሽቅብ ሲወጡ በየመታጠፊያው እግሩ ምንጣፉን ይረግጣል፤ እሷም በጎን ዓይኗ እያየች ትስቃለች።

«ምንጣፉን በሳኸው እኮ፣ ጋሼ!»

በአንድ ቁልቁለት ላይ ጭቃ ነበር። ቢጫዋ መብራት ብልጭ አለች፣ ከሥር ኩርርር አለ፣ አለቀ። እሷ ወሬዋን እንኳ አላቋረጠችም። ድሮ ቢሆን ክንዱን ትይዝ ነበር። ይህን አየና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ማጠራቀሚያው ዘንድ ሲደርሱ ዝናቡ ጠነከረ። «አንተ አትረጠብ፤ መስታወቱ እንዳይደበዝዝ ሞተሩን አላጠፋውም» አለችና ሳጥኗን ይዛ ወረደች። በዝናብ መጋረጃው ውስጥ ጎንበስ ብላ ጠርሙስ ስትሞላ ያያታል። መኪናው ውስጥ እሱና መኪናው ቀሩ። ማርሹ አጠገብ ያለችውን ማጥፊያ ተመለከተ።

እዚህ ላይ ጆሮውን ይዞ ከመኪናው የሚያወጣው ሰው ቢገኝ መልካም ነበር። አልተገኘም። ጣቱን አሳረፈ፤ ተጫነ፤ ቆየ። ቢጫዋ መብራት በርታ ቀረች።

ያሰበው እንዲህ ነው። ቆልማማው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ትንሽ ትንሸራተታለች። ትንሽ ብቻ። እሱ እንደ ድሮው በእግሩ ይረግጣል፣ በግራ እጁ መሪውን ይይዛል፤ መኪናው ቀጥ ይላል፤ እሷም ያን ቃል ትላለች። ክፉ ሰው አይደለም። ሚስቱን ከነፍሱ አስበልጦ ይወዳታል። ቢወዳትም ይህን አደረገ።

ረጥባ ገባች። ሳጥኑን የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠች፤ መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጠረገች። ዳሽቦርዱን እንዳታይ ወሬ ጀመረላት፤ ስለ አንድ ተማሪው፣ መሪውን እንደ ዳቦ ስለሚያቅፍ ሰውዬ። ሳቀች። ሳቋ ልቡን ነካውና አሁን ልንገራት ይሆን አለ። ምን ብሎ? ኩራት አንደበቱን ያዘው። መንገዱ ቁልቁል ወረደ፤ መታጠፊያው መጣ።

ጎርፉ እንደ ልማዱ ጠጠር አውርዶበታል። እሷም እንደ ለመደችው ገባች። መሪውን ስታዞር ኋላው ከዳት። ኩርርር የሚለው ድምፅ አልመጣም።

እግሩ ወረደ። ምንጣፍ። ደግሞ ረገጠ። ምንጣፍ። ጠዋት ሙሉ የተሳቀበት ባዶ ወለል ነው፤ ዕቅዱን ሲያወጣ ግን ፍሬኑ እግሩ ሥር እንዳለ አድርጎ ነበር ያሰበው። ዕድሜ ልኩን እዚያ ስለነበር እዚህ መኖሩን አልጠየቀም። ፍሬኑ ያለው ታች፣ ቤቱ በር ላይ በቆመው አሮጌ መኪና ውስጥ ነው። ገደሉ በእሱ በኩል ባለው መስኮት ሰፍቶ መጣ። በድንጋጤ እጁን ወደ መሪው ሰደደ።

«ልቀቅ!» ብላ በክርኗ መታችው።

ፊቷን አልሸፈነችም። ዓይኗን ከገደሉ አንስታ መሄድ በምትፈልግበት መንገድ ላይ ተከለችው። ነዳጁን ለቀቀች፤ ፍሬኑን አልደፈቀችም፤ መሪውን ኋላው ወደሸሸበት አዞረች፤ መኪናው መመለስ ሲጀምር እሷም መለስ አደረገች። መኪናው ተወዛወዘ፣ ጠርሙሶቹ ተንኮታኮቱ፣ መንገዱን ዘግቶ በአግድሙ ቆመ። የኋላ ጎማው ጠርዙ ላይ ከተደረደሩት ነጭ ድንጋዮች አንዱን ገፋው። ድንጋዩ ሲወርድ ሰሙት፤ ለረጅም ጊዜ ሰሙት።

እንዲህ አድርጎ መያዝን ያስተማራት እሱ ነው። ብዙ ዘመን አጠገቧ ተቀምጦ የዘራው ይሄ ነበር፤ ሲበቅል ግን አላየውም፤ እግሩን ብቻ ሲያይ ኖሯል።

«አልያዘኝም» አለች፤ ድምፅዋ የልጅ ድምፅ ሆነ። «ለምን አልያዘኝም?»

ከዚያ ቢጫዋን መብራት አየች። ማርሹ አጠገብ ያለውን ማጥፊያ አየች። ቀጥላ ቀስ ብላ ወደ እሱ ዞረች።

«አንተ ነካኸው?»

«አዎ።»

«ሳታውቅ?»

ሳላውቅ ቢል ታምነው ነበር። «እያወቅኩ ነው» አለ። «ያዝከኝ እንድትይኝ ፈልጌ።»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ሰማው። ብትጮህበት፣ በጥፊ ብትለው በወደደ። እሷ ግን መነጽሯን አውልቃ ጭኗ ላይ አኖረች።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል» አለች። «እኔ እኮ ብብትህ ሥር ነበርኩ።»

ወደ ኋላ ዞራ ሳጥኑን አየች። ውሃው ወንበሩን አርሶት ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል፤ ደኅና የቀረ ጠርሙስ የለም። «ባዶ ጠርሙስ ከኋላ አለኝ። ተመልሰን እንቅዳ» አለች፤ ሥራዋን በደንብ የምትሠራ ሴት ናት። እጇን ወደ መሪው ሰደደች። አንድ ጊዜ ሞከረች፤ ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። «አልችልም። አንተ ንዳ። መጀመሪያ ግን ሞተሩን አጥፋና አስነሳው።»

በዝናብ ውስጥ ቦታ ተለዋወጡ። አጠፋ፣ አስነሳ። ቢጫዋ መብራት ከሌሎቹ ጋር በርታ ጠፋች። «ጠፋች?» አለችው። «ጠፋች» አላት። እሱን አላመነችም፤ አንገቷን አስግጋ ራሷ አየች።

ወጡ፣ ቀዱ፣ ተመለሱ። መታጠፊያው ሲቃረብ በእግር የመሄድ ያህል ዝግ አለ። እንዲያም ሆኖ ጠጠሩ ላይ ኋላው ትንሽ ፈቀቅ አለ። ኩርርር። መብራቷ ብልጭ አለች፤ መኪናው ሰብሰብ ብሎ ቀጥ አለ። ያን ሁሉ ቀን የጠላው ነገር እሱንም ሳይመርጥ ያዘው። ቅናቱን ፈለገው፤ አጣው። በቦታው የቀረው እፍረት ብቻ ነበር።

«አይዞሽ፣ ይይዘናል» አላት።

«እሱስ ይይዘናል» አለች።

ያን ጊዜ ነው ዝቅ ብሎ ያየው። ቀኝ እግሯ ጫማዋ እስኪጣመም ድረስ ምንጣፉን ረግጧል። ተማሪው ሳለች ጀምሮ፣ እሱ ሲነዳ ስንት ጊዜ አጠገቡ ተቀምጣ ሄዳለች፤ እንቅልፍ ይወስዳት ነበር እንጂ እግሯ ወለል ፈልጎ አያውቅም። ዝግ አለ። ይበልጥ ዝግ አለ። መንገዱ ሜዳ ላይ እስኪወጣ ድረስ እግሯን አላነሳችም።